ኮምፒውተር ሲጮህ፦ የማዘርቦርድ የድምፅ ኮድ በደሴና በኮምቦልቻ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ይቀራል። ከዚያ ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ይህን ድምፅ ሳያውቀው አይቀርም። አንዳንዱ ወዲያው ማሽኑን ተሸክሞ «ዊንዶውስ ጫኑልኝ» ይላል። የዊንዶውስ ተራ ግን ገና አልደረሰም።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ፍተሻው ፖስት ይባላል። የሚያካሂደው ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለች ቺፕ የተቀመጠው ባዮስ የተባለ ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ሥራ ሳይጀምር እክል ካገኘ በጽሑፍ መናገር ስለማይችል በድምፅ ይናገራል። ልማዱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲም ይህንኑ ያደርግ ነበር። በብዙ ዴስክቶፖች አንድ አጭር ቢፕ ተሰምቶ ስክሪኑ ከመጣ ሰላም ነው።

ችግሩ ኮዱ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው፤ ኤኤምአይ፣ አዋርድና ፊኒክስ የተባሉት የባዮስ ዓይነቶች የየራሳቸው ኮድ አላቸው። በኤኤምአይ ባዮስ ስክሪኑ ሳይመጣ ከአንድ እስከ ሦስት አጭር ቢፕ ከተሰማ ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያመለክታል፤ ስምንት ከሆነ ወደ ስክሪን ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል)። በአዋርድ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የስክሪን ካርድ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ረጅም ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራም ነው። ፊኒክስ ቢፑን በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ያሰማል። አምስት ቢፕን እንይ፦ በኤኤምአይ የፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ችግር ማለት ነው፣ በብዙ የዴል ማሽኖች ግን የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ቢፑን ከመቁጠር በፊት የባዮሱን ወይም የማሽኑን ስም ማየት ይቀድማል።

በተግባር ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ራም ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪናም ይበዛባታል። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ለሙቀቱ በሩን ሲከፍት አቧራው አብሮ ይገባል። አቧራና ዝገት የራሙን እግሮች ከማስገቢያው ጋር በደንብ እንዳይነካኩ ያደርጋል። መፍትሔው ላጲስ ነው። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰኮንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፣ ራሙን ያውጡ። ወርቃማ እግሮቹን በላጲስ ቀስ አድርገው ይጥረጉ፤ ይህን ግን ከማዘርቦርዱ ራቅ ብለው ያድርጉት፤ ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሲመልሱት ቀጭ እስኪል ይጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሩ። ይህን ሳይሞክር «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎት ሌላ ቤት ይጠይቁ።

ላፕቶፖችና አዳዲስ ማሽኖች ከድምፅ ይልቅ መብራት ይጠቀማሉ። በበርካታ ዴሎች መብራቱ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለ ራም አልተገኘም ማለት ነው። በኤችፒ ሦስት ረጅምና ሁለት አጭር ምልክትም ወደ ራም ይመራል። «ስላሽ» (ያገለገለ) ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ዝምታም መልእክት አለው። ዴስክቶፑ ፋኑ እየዞረ ምንም ካላሰማ ራሙን በሙሉ አውጥተው ያብሩት። ከጮኸ ፕሮሰሰሩ፣ ባዮሱና አብዛኛው ማዘርቦርድ በሕይወት አሉ። አሁንም ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላይ፣ ወደ ፕሮሰሰር ወይም ወደ ማዘርቦርድ ይዞራል። ከዚያ በፊት ግን ስፒከር መኖሩን ይዩ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ትንሿ ስፒከር ሳትገጠምላቸው ነው የሚሸጡት። ማዘርቦርዱ ላይ «ስፒከር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አራት እግሮች አሉ። ከሞተ አሮጌ ዴስክቶፕ የወለቀች ስፒከር እዚያ ላይ ብትሰካ ትሠራለች።