ለዞረ ጭን ጫማ ምን ያደርጋል?

«ጫማውን ግራና ቀኝ አገላብጣችሁ አልብሱት፤ ይስተካከላል።» ጣቶቹ ወደ ውስጥ እያዩ ለሚራመድ ልጅ የሚሰጠው ይህ ምክር ከጎረቤት ሲመጣ አይገርምም፤ ከጤና ባለሙያ አፍ ሲሰማ ግን ያሰለቻል። ለማስተካከያ ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ ጫማም ሆነ ሁለቱን እግር የሚያያይዘው ብረት ከዚሁ እምነት የተወለደ ነው።

ከ3 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ጣቶቹ ወደ ውስጥ እያዩ የሚራመድ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የዞረው ጭኑ ነው። የጭን አጥንት አንገት ወደ ፊት ያዘነብላል፦ ሲወለድ ወደ 40 ዲግሪ፣ አዋቂ ላይ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ። ዝንባሌው ገና ያልቀነሰለት ልጅ የአጥንቱ ራስ ዳሌው ውስጥ በደንብ እንዲገጥም ጭኑን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ ጉልበቱና እግሩም ተከትለው ይዞራሉ። ጫማ የሚይዘው የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉን በግድ ወደ ውጭ ብታዞሩት ጫናው ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ጭኑ እንደነበረ ይቆያል። የተገለበጠ ጫማማ ጣት ጨቁኖ ልጁን ከመጣል ሌላ ሥራ የለውም። «የእኛ ልጅ ግን በጫማው ዳነ» የሚሉ ወላጆች አይዋሹም። ልጁ 8 ዓመት ሞላው፣ አጥንቱ እንደ አብዛኞቹ ልጆች በራሱ ጊዜ ተስተካከለ፣ ምስጋናውን ጫማው ወሰደ።

የዞረው የቱ እንደሆነ ቤት ውስጥም ይለያል። ቁምጣ አልብሳችሁ ወደ እናንተ ይራመድ። የጉልበቱ ሎሚዎች እርስ በርስ ከተያዩ ጭኑ ነው፤ ሎሚዎቹ ፊት ለፊት እያዩ እግሩ ብቻ ከዞረ ቅልጥሙ ነው፣ ይህም ከ1 እስከ 3 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። ከዚያ በሆዱ አስተኝታችሁ ጉልበቶቹን 90 ዲግሪ እጠፉና ዳሌው ሳይነሳ ሁለቱንም ቅልጥሞች ወደ ውጭ ልቀቋቸው። ቅልጥም ወደ ውጭ ሲወድቅ ጭን የሚዞረው ወደ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመበት ከ70 ዲግሪ በላይ ከወደቀ ከተለመደው አልፏል።

«እግሩን ወደ ኋላ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ስለሚቀመጥ ነው።» የለም፤ እንዲህ መቀመጥ የሚመቸው ጭኑ ስለዞረ ነው። ቀኑን ሙሉ «አስተካክለህ ተቀመጥ» ማለት ልጁን ከማስመረር አያልፍም።

በጀርባ መታዘል? አያጣምምም፤ ጭን ተከፍቶ መታዘል ለዳሌ መልካም ነው።

ወጌሻ ቀስ ብሎ ቢያሽ ጉዳት የለውም፣ አጥንትም አያዞርም። አጥብቆ ማሰር ግን ደም አቋርጦ እግር ሊያሳጣ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ቀዶ ሕክምናው አጥንቱን ቆርጦ አዙሮ በብረት ማያያዝ ነው። ከ8 ዓመት በፊት አይቸኮልም፤ ከዚያ በኋላም ጥምዘዛው ከባድ ሆኖ ልጁን በየጊዜው ለሚጥለው ወይም መራመድ ለሚያውክበት ብቻ ነው።

አንድ እግር ብቻ ከዞረ፣ ካመመው፣ ካነከሰ፣ እየባሰበት ከሄደ፣ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ ከሆነ ወይም መራመድ ከዘገየ ሐኪም ይየው። ቅልጥሙ እንደ ቀስት ጎብጦ የእጅ አንጓው ካበጠ ሪኬትስ (የልጆችን አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ) ሊሆን ይችላል። ሲወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የታጠፈና በእጅ ሲያቀኑት እምቢ የሚል እግር ደግሞ ቆልማማ እግር ነው፤ ጀሶው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀመራል፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ለእሱ አይሠራም።