ሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ (የፈረንሳይኛ ግስ እርባታ)

ሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ ከአራቱ የፈረንሳይኛ ሱብዦንክቲፍ ጊዜያት አንዱ ነው። ሱብዦንክቲፍ በግእዝ ሰዋስው «ዘንድ አንቀጽ» ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ የግስ መልክ ሲሆን የተፈለገ፣ የተፈራ፣ ያጠራጠረ ወይም ግድ የሆነ ድርጊት ይነገርበታል። በአማርኛ «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ብንልም «እንዲመጣ ፈልጌ ነበር» ብንልም «እንዲመጣ» ያው ነው። ነባሩ የፈረንሳይኛ ሥርዓት ግን ዋናው ግስ ኃላፊ ጊዜ ወይም ኮንዲስዮኔል (በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ድርጊት የሚነገርበት መልክ) ሲሆን ጥገኛውንም ግስ አብሮ ይለውጠዋል። «ኢል ፎ ኪል ቪዬን» (መምጣት አለበት) የነበረው «ኢል ፋሌ ኪል ቫን» (መምጣት ነበረበት) ይሆናል። በዛሬ ንግግር በሁለቱም ቦታ የሚሰማው «ቪዬን» ነው።

በአስቸጋሪነት ስሙ ቢነሣም አረባቡ እጅግ ሥርዓታማ ነው። የፓሴ ሳምፕልን (ዛሬ በጽሑፍ እንጂ በንግግር የማይሠራበትን የኃላፊ ጊዜ) ሁለተኛ መደብ ነጠላ ያወቀ ሰው የቀረውን ሁሉ ያውቃል፤ በእርሱ ላይ የ«ስ» ድምፅ ያለውን ቅጥያ መጨመር ብቻ ነው። «ፓርሌ» (መናገር) ሲረባ ፓርላስ፣ ፓርላስ፣ ፓርላ፣ ፓርላሲዮን፣ ፓርላሲዬ፣ ፓርላስ ይሆናል። ከቅጥያው በፊት የሚገባው አናባቢ ከአራት አይበልጥም፦ በመጀመሪያው የግስ ምድብ (እንደ «ፓርሌ» ባሉት) እና በ«አሌ» (መሄድ) «አ»፤ በ«ፊኒር» (መጨረስ)፣ በ«ፕራንድር» (መውሰድ) እና በመሰሎቻቸው «ኢ»፤ በ«አቭዋር» (ባለቤት መሆን)፣ በ«ኤትር» (መሆን)፣ በ«ሳቭዋር» (ማወቅ) እና በ«ፑቭዋር» (መቻል) ከንፈር አሹሎ የሚነገረው «ዩ»፤ በ«ቬኒር» (መምጣት)፣ በ«ቴኒር» (መያዝ) እና ከሁለቱ በተወለዱት ግሶች ብቻ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ፣ ማለትም «ቫንስ» እና «ታንስ»።

ሦስተኛ መደብ ነጠላ ብቻውን ይለያል። ድርብ «ስ» የለውም፤ መጨረሻው የማይነበብ «ት» ነው፤ ከፊቱ ያለው አናባቢም ሲርኮንፍሌክስ የሚባለውን ቆብ ይደፋል። «አኢር» (መጥላት) ግን በ«ኢ» ፊደሉ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች እንደያዘ ስለሚቀር ቆብ አያገኝም። እንደ «ፊኒር» ያሉ ግሶች ደግሞ ከሦስተኛ መደብ ነጠላ በስተቀር ከአሁን ጊዜው ሱብዦንክቲፍ ጋር አንድ መልክ ስላላቸው፣ ብዙ ፈረንሳዊ ሳያውቀው ይህን ጊዜ በየቀኑ ይጽፋል ቢባል ሐሰት አይሆንም። «ትሬር» (ማለብ) ፓሴ ሳምፕል ስለሌለው ይህም የለውም።

ስያሜው «አምፓርፌ» (ያልተፈጸመ ኃላፊ) ይበል እንጂ ቅርጹ የመጣው ከላቲን ሌላ ጊዜ፣ ከሩቅ ኃላፊው ሱብዦንክቲፍ ነው። ከመውደድ ግስ «አማዊሴም» አጥሮ «አማሴም»፣ ከዚያም «አማስ» ሆነ። የላቲኑ እውነተኛ አምፓርፌ «አማሬም» ከፈረንሳይኛ ጠፍቷል። በመካከለኛው ዘመን ቅርጹ በንግግርም በጽሑፍም የተለመደ ነበር። ከዚሁ ግስ በብዙ ቁጥር «ኤሚሲዮን» ይባል የነበረው በኋላ በ«አ» አናባቢ ተስተካክሎ «ኤማሲዮን» ሆነ።

ለሰዋስው የተጉ ሊቃውንት የሠሩት ሥራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ጎልቶ ይታያል። የቋንቋውን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጀው የፈረንሳይ አካዳሚ በ1635 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተቋቋመ በኋላ የዋናውና የጥገኛው ግስ ጊዜ መስማማት የጥሩ ጽሑፍ መለኪያ ሆነ። በ1740 የወጣው የአካዳሚው መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም ብዙ የማይነበቡ የ«ስ» ፊደላትን አስወግዶ በቦታቸው ቆቡን ተከለ፤ በሦስተኛ መደብ ላይ ያለው ምልክትም የዚያ ፊደል መታሰቢያ ነው። በ1900 የትምህርት ሚኒስትሩ ዦርዥ ሌግ ፈተና ላይ ስሕተት ሆነው መቆጠር የሌለባቸውን አጻጻፎች የሚዘረዝር ትእዛዝ አወጡ፤ አካዳሚው ስለተቃወመ በየካቲት 26 ቀን 1901 በሌላ ተተካ። ይህኛው፣ ዋናው ግስ ኮንዲስዮኔል ሲሆን በአምፓርፌው ፈንታ የአሁን ጊዜውን ፈቀደ። በታኅሣሥ 1976 በሚኒስትር ሬኔ አቢ ዘመን ፈቃዱ ዋናው ግስ ኃላፊ ለሆነበትም ተዘረጋ። የ1990ው የአጻጻፍ ማሻሻያ ከብዙ ቃላት ላይ ቆቡን ሲያነሣ ከዚህ ጊዜ ላይ ግን አልነካውም፤ ተገቢም ነበር።

ለምን ከአፍ ወደቀ? አንዳንዶች የ«አስ» እና የ«ዩስ» ድምፅ ጆሮ ይሰቀጥጣል ይላሉ። እርግጥ «ስዩስ» (አውቅ ዘንድ) ከመምጠጥ ግስ ጋር በድምፅ ስለሚገጥም የቀልድ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ጣልያንኛ «ፓርላሲ»፣ ፖርቱጋልኛ «ፋላስ» እያለ ያንኑ ድምፅ ዛሬም በየገበያው ይናገራል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ድምፁ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይበልጥ የሚያሳምነው እናቱ ፓሴ ሳምፕል ከንግግር ሲወጣ ልጁንም ይዞት ሄደ የሚለው ነው።

በአገራችን ፈረንሳይኛ ከጣልያን ወረራ በፊት ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ነበር። በ1947 የተከፈተው አንጋፋው ሊሴ ገብረ ማርያም በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ በቋንቋው ያስተምራል።

ከሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ አሁን በሕይወት ያለው በተለይ ሦስተኛው መደብ ነጠላ ነው፤ የ«ኤትር» እና የ«አቭዋር» ቅርጾች በልብ ወለድና ክብደት ባለው ጽሑፍ ውስጥ አልጠፉም። «ፕልዩ ታ ዲዩ» (እግዚአብሔር በወደደ) እና «ፍዩስ» (ቢሆን እንኳ) ደግሞ እንደ ደረቀ አባባል ቀርተዋል። የሚጽፍ ሰው የሚጠነቀቀው የ«ኤትር» እና የ«አቭዋር» ሦስተኛ መደብ ነጠላ ከፓሴ ሳምፕላቸው ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነና የሚለየው ቆቡ ብቻ ስለሆነ ነው። «ቢየን ክ» (ምንም እንኳ) ሱብዦንክቲፍ ስለሚፈልግ ባለ ቆቡን ይጠራል፤ «አፕሬ ክ» (ከ... በኋላ) ግን በደንቡ ሱብዦንክቲፍ ስለማይከተለው ቆብ አይገባውም፤ ሆኖም ጋዜጦች ላይ ሳይቀር ቆብ ደፍቶ ይገኛል።