መናገሻ ሱባ ደን፦ ታሪኩና የድንኳን አዳሩ

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ የመንግሥት ደን ነው። ወጨጫ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ገደማ ነው። የተፈጥሮ ደኑ ብቻ ወደ 2,500 ሄክታር እንደሚሸፍን ይነገራል። የአዲስ አበባ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ድንኳን ተክሎ ያደረበት ግን ብዙ አይደለም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ለሾፌሩ «ሱባ» ብሎ ቢነግረው ይሻላል። በአምቦ መንገድ ላይ መናገሻ የምትባል ከተማ አለች፤ አጠገቧ ያለው የመናገሻ ማርያም ተራራም ሌላ ነው። ወደ ሱባ የተለመደው መንገድ በጅማ መስመር ሰበታ ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ አስፋልቱን ለቆ ሽቅብ መውጣት ነው።

የደኑ ታሪክ የሚጀምረው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡ ሲሆን፣ በትውፊት እንደሚነገረው ወጨጫ ተራቁቶ ሲያዩ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ጥድ ድሮውንም የሸዋ ደጋ ተወላጅ ዛፍ ስለሆነ ደኑ በሙሉ የተተከለ ነው ማለት ይከብዳል። ንጉሡ እንዲጠበቅ ማዘዛቸውን ግን የሚጠራጠር ብዙ አይገኝም። ሱባ በአፍሪካ የመጀመሪያው ጥብቅ ደን ነው የሚባለውም ከዚህ ተነስቶ ነው። ማዕረጉን የሚቀማው ሌላ ደን እስኪመጣ ድረስ ይገባዋል።

ደኑ እንደገና ጎልቶ የሚነሳው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ እንጨት የምትበላ ከተማ ነበረች። ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ አጥሩም በእንጨት፣ ወጡም የሚበስለው በእንጨት ነው። ብዙ ሳይቆይ እንጦጦና አካባቢው ተራቆተ። በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥት በማገዶ እጥረት ሰፈሩን ነቅሎ መሄዱ አዲስ ነገር አልነበረም። ምኒልክም በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገሩን የለወጠው ባሕር ዛፍ ነው። ከውጭ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት አድጎ ለማገዶ ሲደርስ ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሱባም በዚያ የእንጨት ረሃብ መሐል ሳይጠፋ የቀረው ንጉሠ ነገሥቱ እንዲጠበቅ ስላዘዙ ነው። ያ ትእዛዝ ባይኖር ዛሬ ወጨጫ ላይ ድንኳን የምንተክለው ገላጣ ሜዳ ላይ በሆነ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መሰንጠቂያ ገብቶ ብዙ የቆየ ጥድ ወድቋል። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለግንባታ ይፈለጋል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። በተራቆተው ቦታም የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ዛሬ ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛል። አንዳንዱ ጥድ ለብቻ ታቅፎ አይደረስበትም። ሽቅብ ሲወጡ ኮሶና አምጃ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ አስታ ነው። ከእንስሳቱ ታዋቂው የምኒልክ ድኩላ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ዓይን አፋር፣ ማለዳ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የሚታይ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ለማየት ግን ብዙ መታገል አያስፈልግም። ነብር አለ ይባላል፤ የሚያየው ሰው ግን እምብዛም ነው።

ለአዳር ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው በጋ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ስስ ብርድ ልብስ ይዞ የሄደ ሰው እስኪነጋ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ጃኬትና የእጅ ባትሪ ግድ ነው። ምግብና ውኃ ከከተማ ይያዛል፤ ጀበና የሚረሳ ቡድን ደግሞ አላጋጠመኝም። ምግብ ድንኳን ውስጥ ተከድኖ ካልተቀመጠ ዝንጀሮ ድርሻውን ይወስዳል። ማታ የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ የለመደ ሰው ተገላብጦ ይተኛል።

በር ላይ የመግቢያ ይከፈላል፤ ማደር የፈለገም እዚያው ያስፈቅዳል። እሳት ጠባቂዎቹ ባሳዩት ቦታ ብቻ ነው የሚነደው። ይህ የቢሮ ክልከላ እንዳይመስላችሁ፤ በጥርና በየካቲት መሬቱ ላይ የተነጠፈው ደረቅ የጥድ ቅጠል አንዲት ፍም ይበቃዋል። ወደ ፏፏቴውና ወደ ጫፉ የሚሄድ በአካባቢው ልጅ ቢመራ ይሻላል፤ መንገዶቹ ይመሳሰላሉ፣ ጉሙም ድንገት ይወርዳል።

ቅዳሜና እሑድ የተራራ ጉዞ ቡድኖች በአውቶቡስ ይመጣሉ። ትልቅ ስፒከር ይዞ የሚመጣም አይጠፋም፤ ድኩላ ማየት ለፈለገ ሰው ያ ቀን አበቃ ማለት ነው። ጸጥታ የሚፈልግ በሥራ ቀን ይሂድ። በክረምት መንገዱ ስለሚጨቀይ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። የአካባቢው ሁኔታ ስለሚለዋወጥም ከመነሳት በፊት ደውሎ ማጣራት ይገባል።