አንቺሆዬ ምንድን ነው? (የጋኔን ቅኝት አይደለም)

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬ እናት ክራር የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጡ። ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኋቸው። «መምህር፣ ልጄን ያንን ቅኝት አያስተምሩብኝ» አሉ። የትኛውን? «የጋኔኑን።»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ሰው የቆየ የአንቺሆዬ ዘፈን ወስዶ ፍጥነቱን ቀንሶታል። የገደል ማሚቶ ጨምሮበታል። ምስሉ ጨለማ ኮሪደር ነው። ከሥሩ መናፍስት የሚጠሩበት ጥንታዊ ቅኝት እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ነገር ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ ልጻፈው።

ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። አንቺሆዬ አራተኛቸው ነው። ሁሉም ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት ማለት ዜማ የሚሠራበት የአምስት ድምፆች አደራደር ነው። ክራሩን በአምባሰል የቃኘ ሰው አራተኛዋን ድምፅ በግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) ዝቅ፣ አምስተኛዋን በግማሽ ድምፅ ከፍ ቢያደርግ አንቺሆዬ ላይ ይደርሳል። ከዶ ከተነሳን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። በቃ። (ይህ የፒያኖ አጻጻፍ ነው። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያሳርፋል። ኪቦርድ ላይ ሞክራችሁ «የአባቴ አይመስልም» ብትሉ እውነታችሁን ነው።)

የቪዲዮው ባለቤት «አንቺ» የተባለችው መንፈሷ ናት ይላል። ወንድሜ፣ «አንቺ ሆዬ» እኮ ሴትን በፍቅር መጥሪያ ነው። ጋኔን በቁልምጫ ሲጠራ እኔ አልሰማሁም።

ታዲያ ለምን ጆሮን ቆንጠጥ ያደርጋል? የብሎካችንን ደረጃ ልንገራችሁ። ሲሠራ ማን እንደለካው አላውቅም። አንዱ ደረጃ አጭር ነው፣ ቀጥሎ ያለው ረጅም፣ ከዚያ እንደገና አጭር። አዲስ ተከራይ መብራት በጠፋ ሌሊት ሲወጣ እግሩ የለመደውን ቁመት ይጠብቃል። ሲያጣው ልቡ ዱብ ይላል። አንዱ እንዲያውም «ይሄ ቤት ነገር አለው» ብሎ ጠበል ረጭቶበታል። የሦስተኛ ፎቅ ልጆች ግን ጀሪካን ተሸክመው በዚያው ጨለማ ይሮጡበታል።

አንቺሆዬ እንዲህ ያለ ደረጃ ነው። በግማሽ ድምፅ ብንቆጥር እርምጃዎቹ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ናቸው፤ የመጨረሻዋ ወደ ላይኛው ዶ የምታደርሰው ናት። ትዝታ ሜጀር (አንዱ የትዝታ ዓይነት) 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ነው፤ እግር ብዙም አይሳሳትም። በፈረንጅ ሙዚቃ ያደገ ጆሮ አንቺሆዬ ላይ ሲወጣ ይደናቀፋል። ሲደናቀፍ «ይሄ ዜማ አስፈሪ ነው» ይላል። እግሩን ግን አይጠረጥርም። የሚገርመኝ የእኛ ልጆች የፈረንጁን መደናቀፍ ተውሰው፣ በገዛ ደረጃቸው ላይ እየፈሩ መውጣታቸው ነው።

ደረጃውን አበዛሁት መሰለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር። ያንኑ ደረጃ በቀን፣ በሩጫ፣ እያጨበጨቡ ውጡት። ሰርግ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። እኔ ራሴ በአንቺሆዬ ሙሽራ ሳጅብ አንድም ሰው ሲሸሽ አላየሁም።

ሁለተኛው የሰውዬው ማስረጃ ትራይቶን ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዟል። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው፣ ያ ትራይቶን ይባላል። ፈረንጆቹም «ዲያቦሉስ ኢን ሙዚካ» ብለውታል፤ በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ ማለት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን አገደችው የሚለው ተረት ነው። እንዲህ ያለ አዋጅ አልተገኘም። መዘምራን የሸሹት ለመዘመር ስለሚያስቸግር ነው። ስያሜው ራሱ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በጀርመንና በኦስትሪያ የሙዚቃ መምህራን ዘንድ ነው። ደግሞስ ትራይቶን ጋኔን ከሆነ የሰርግ ኪቦርድ ሁሉ ተለክፏል። ጂ ሰባት የሚባለውን ኮርድ ይንኩ፤ ትራይቶን የሚሠሩት ሲና ፋ እዚያው ተቀምጠዋል።

ሙያዬ ዝም አላሰኘኝም፣ አንድ ነገር ልመን። የአንቺሆዬ ድምፅ ሻካራነት እውነት ነው። መካከለኛው ዶ በሰከንድ 261.6 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሬ ፍላት 277.2 ጊዜ። አብረው ሲሰሙ በልዩነታቸው ልክ፣ በሰከንድ 15 ወይም 16 ጊዜ ያህል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ክራር ላይ የተመታ አውታር ወዲያው ዝም ስለማይል ይህ ይሰማል። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ስለሆነ አይሰማም። ግን ሻካራ ማለት አስፈሪ ማለት ነው ያለው ማነው? በገናን አስቡት። አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በማረፊያው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ሻካራነት ነው። ጀርባችሁ ድረስ ይገባል። ግጥሙ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ነው። በዐቢይ ጾም ቁጭ ብለን እንሰማዋለን፤ የዳዊት መሣሪያ ነው፣ ማንም አይፈራውም። በድሮ ሰዎች ዘንድ የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ የተወቀሰው ክራር ነው፤ ያ ለስላሳው፣ የፍቅረኛው። እንግዲህ ዲያብሎስ በድምፅ አይታወቅም ማለት ነው። (የቅዱስ ያሬድን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ ከዚህ ጋር የምትቀላቅሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። እነሱ ሌላ ትምህርት ናቸው።)

ግጥሙስ ቢያስፈራ? ቅኝት ግጥም አይመርጥም፤ ቃልም ቢሆን የሚያስፈራው የማያውቀውን ሰው ነው። በኛ ሰፈር ግንባታው ካላለቀው ብሎክ ውስጥ ማታ ማታ «ኩኩሉ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ከጨለማው «አልነጋም!» ይመለሳል። ድብብቆሽን ለማያውቅ ሰው ፀጉር የሚያቆም ነገር ነው። ቅኝትም የለው፣ ዜማም የለው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ እናት አልነገርኳቸውም። ስልኬን አወጣሁና እንቁጣጣሽ ዕለት የቀዳሁትን የሰፈር ልጃገረዶች ዘፈን ከፈትኩ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩት። ድምፅ ሳይስተካከል በግማሽ ሲዘገይ አንድ ኦክታቭ (አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ) ይወርዳል፤ የሕፃን ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ የሽማግሌ ድምፅ ይሆናል። የገደል ማሚቶ ጨመርኩ። አንዱ ጎርናና ድምፅ በጣም ቀስ ብሎ ይጠራል። ሌሎቹ ከሩቅ ይመልሱለታል።

«በስመ አብ! ይሄስ የምን መንፈስ ነው?» አሉ።

«አበባየሆሽ» አልኳቸው። ወደ ፍጥነቱ መለስኩት። «ለምለም» ሲል ሳቁ፣ እጃቸውም ማጨብጨብ ጀመረ። ልጃቸው ቅዳሜ እንዲመጣም ፈቀዱ። ደረጃውን ጥቂት ወርደው ግን ተመለሱና በሩን አንኳኩ።

«ያንን የዘገየውን ያጥፉት፣ መምህር። ማታ እንዳይሰማ።»