ማንነቱ ያልታወቀ የቆየ የእጅ ሰዓት፦ የመለያ መንገዶቹ

ከአያት የተወረሰ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ የእጅ ሰዓት የት፣ መቼና በማን እንደተሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ይህ ስም ግን ከሰዓቱ ምልክቶች ሁሉ እምነት ሊጣልበት የማይገባው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በርካታ የስዊዘርላንድ አቅራቢዎች ማሽኑን ከአንድ ፋብሪካ፣ የውጭ አካሉን ከሌላው ገዝተው ካስገጣጠሙ በኋላ የራሳቸውን ወይም የደንበኛቸውን ስም ያሳትሙበት ነበር፤ ስለዚህ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ባይገኝ እንኳ ሰዓቱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም። በአንጻሩ የታወቀ ስም የያዘ ፊት ዳግም የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ ፊደላቱ ወፍራምና የተዛነፉ ከሆኑ ወይም የደቂቃ መስመሮቹ ከሰዓት ቁጥሮቹ ጋር ካልገጠሙ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዋናው ማስረጃ ያለው ከጀርባ ክዳኑ ሥር ነው። ክዳኑን በቢላ ጫፍ መፈልቀቅ ጠርዙን ስለሚያበላሽ በሰዓት ሠሪ እጅ ቢከፈት ይመረጣል። የማሽኑ ሠሪ ምልክትና የሞዴል ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዘው ባላንስ ከተባለው ጎማ ሥር በጥቃቅን ፊደል ተቀርጾ ስለሚገኝ ያለ አጉሊ መነጽር ለማንበብ ያስቸግራል። «ኤ.ኤስ» የሚሉት ፊደላት በግሬንሸን የነበረውን የአ. ሺልድ ፋብሪካ፣ «ኤፍ.ኤች.ኤፍ» ደግሞ የፎንቴንሜሎንን ፋብሪካ ያመለክታሉ፤ ሁለቱ ከአዶልፍ ሚሼል ፋብሪካ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1926 ኤቦሽ ኤስ.ኤ. የተባለውን ኩባንያ መሥርተዋል። ምልክት ከሌለ የማሽኑ ስፋትና የድልድዮቹ (ጥርሳም ጎማዎቹን ከላይ የሚይዙት የብረት ሳህኖች) ቅርጽ ከቆዩ የመለዋወጫ ካታሎጎች ጋር ይነጻጸራል። የስዊስ ካታሎጎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሊኝ ሲሆን፣ 1 ሊኝ ወደ 2.26 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ማሽኑ ላይ የተቀረጹ ሦስት የላቲን ፊደላት ሰዓቱ ወደ አሜሪካ ለመግባት የተዘጋጀ እንደነበረ ይናገራሉ፤ ኦ-ኤክስ-ጂ የኦሜጋ፣ ኤል-ኤክስ-ደብሊው የሎንጂን ነው። እ.ኤ.አ. የ1930ው የአሜሪካ ታሪፍ ከ17 በላይ ድንጋይ (መሽከርከሪያዎቹ እንዳይፋተጉ የሚገጠሙ ጥቃቅን ድንጋዮች) ባለው ማሽን ላይ 10.75 ዶላር ቀረጥ ይጥል ስለነበር፣ ለዚያ ገበያ የተላኩ ሰዓቶች በብዛት 17 ድንጋይ ያላቸው መሆኑ አያስገርምም።

የውጭ አካሉ የራሱ ታሪክ አለው። በስዊስ ወርቅ ላይ የሽኮኮ ማኅተም 14 ካራትን፣ የሄልቬቲያ (የስዊዘርላንድ ምልክት የሆነችው ሴት) ራስ 18 ካራትን ያሳያል። በክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫረ ቀን ቢገኝ ግን የጥገና ማስታወሻ እንጂ የተሠራበት ዘመን አይደለም፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ኩባንያዎች ሥራውን ያቀላሉ። ቡሎቫ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ፊደልና ቁጥር አጣምሮ ስለቀረጸ «ኤም 5» የሚለው 1965ን ያመለክታል። በሴኮ ጀርባ ላይ 6139-6005 ተብሎ ቢጻፍ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ማሽኑን፣ የኋለኞቹ አካሉን ይገልጻሉ፤ የመለያ ቁጥሩ በ74 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ 7 የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ፣ 4 ኤፕሪል ወር ነው። አሥርተ ዓመቱን የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ 6139 እ.ኤ.አ. በ1969 ስለወጣና ከ1970ዎቹ ስላላለፈ ሰዓቱ የ1977 ይሆናል። በሶቪየት ሰዓቶች የማሽኑ ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ስፋቱን በሚሊ ሜትር ስለሚሰጡ፣ የቮስቶክ 2409 ባለ 24 ሚሊ ሜትር ነው።

በጨለማ ያበራ የነበረ አሮጌ ፊት ጥንቃቄ ይሻል። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ስለማይጠፋና የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ስለሆነ ቀለሙን መፋቅም ሆነ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው።

እንደ ሎንጂንና ፓቴክ ፊሊፕ ያሉ ኩባንያዎች የመለያ ቁጥሩን ከመዝገባቸው ጋር አመሳክረው የተመረተበትን ወይም የተሸጠበትን ጊዜ ይገልጻሉ። መዝገቡ ግን ሰዓቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደዞረ አይናገርም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት በጄኔቫ ሊያጫርት ያቀረበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ 2497 ሞዴሉ በግልጽ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የባለቤትነት ጥያቄ በመነሳቱ ከጨረታው ወጥቷል።