ቁጠባና ብቃት አንድ አይደሉም

የዩኒቨርሲቲ የኢነርጂ ምርምር ማዕከል «የኃይል አጠቃቀም ብቃትን አሳድጋለሁ» ሲል፣ ብዙዎች «መብራት አጥፉ ሊለን ነው» ብለው ይረዱታል። አይደለም። መብራት ማጥፋት ቁጠባ ነው፤ አገልግሎቱን መተው። ብቃት ግን ያንኑ አገልግሎት በአነስተኛ ኃይል ማግኘት ነው።

ባለ 60 ዋት የክር አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ገደማ የሚወስድ የኤልኢዲ አምፖል ይሰጣል። በ10 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው 600 ዋት-ሰዓት ይበላል፣ ሁለተኛው 90። ክፍሉ ግን እኩል ደምቋል። (አይበላም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራው ሰው ከትርፉ ከፊሉን ራሱ ያጠፋዋል።)

የማዕከሉ ዋና ሥራ እንዲህ ያለውን ልዩነት መለካት፣ አዲስ መሣሪያ መሞከርና ባለሙያ ማሠልጠን ነው። የመብራት መስመር ቆራጭ አይደለም። ፋብሪካ ገብቶ የኃይል ፍጆታ መመርመሩ ወይም መንግሥትን ማማከሩ ግን እንደየማዕከሉ ይለያያል።