ስለ ሱስና ስለ ጅማ ወጣቶች በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ፀረ-ሱስ ክበብ መመሥረት ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም። የሚቸግረው ክበቡን ከምሥረታው ዕለት ጭብጨባ በኋላ ማቆየት ነው። በእኔ ግምት ልፋቱን ከንቱ የሚያደርገው የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ መሥራቾቹም አካባቢውም ይዘዋቸው የሚነሡ የተሳሳቱ እምነቶች አሉ።

«ልጆቹን ማስፈራራት ነው የሚያዋጣው»

ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው። የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር ይለጠፋል፣ ተማሪ ተሰልፎ ፖሊስ ንግግር ያደርጋል፣ ከሱስ ያገገመ ወንድም ታሪኩን ይናገራል፣ ይጨበጨብና ሁሉም ወደ ክፍሉ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመዘኛ እነዚህኑ አካሄዶች ውጤት ካልታየባቸው ወይም ከሚጎዱት ተርታ መድቧቸዋል። ያገገመ ሰው አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቦታው ለማቆም ከሚታገለው ሰው ጎን ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ከታሪኩ የሚይዘው «ወድቆም ተነሥቷል» የሚለውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

የተሻለው መንገድ ያን ያህል አያምርም፤ ለፎቶግራፍም አይመችም። ጥቂት ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱ ጓደኛ ሆኖ «አንዴ ብቻ ቅመስ» እያለ ይጫናል፣ ሌላው ሳይጣላና ሳያፍር እምቢ ማለትን ይለማመዳል። ይህም በየሳምንቱ ይደገማል። «ሁሉም ይቅማል» የሚለው ወሬም እዚያው ይፈተሻል፤ የማይቅሙት ስለማይወራላቸው እንጂ ጥቂት ስለሆኑ አይደለም።

«ጫት ባህል ስለሆነ አይነካም»

ግማሹ እውነት ነው። ጅማ ውስጥ ጫት ዱዓ ላይ ይቀርባል፣ ለብዙ ገበሬም ገቢ ነው። ይህን የሚዘልፍ ወጣት የቤቱን አባት ያስቀይማል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው አያገኝም። ነገር ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ነጋዴዎች እስሩን በኮባ ጠቅልለው በትኩሱ ለመሸጥ የሚጣደፉት። ተክሉ በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ ካቲኖን ራሱ ግን በ1971 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከተጣለባቸው ውስጥ ነው። አዘውትሮ የቃመ ሰው ሲያቋርጥ ሐራራና ዱካክ (በእንቅልፍ የሚመጣ ቅዠት) እንደሚመጡበት ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ክበቡ ከሽማግሌ ጋር መሟገቱን ትቶ፣ ልጆች በስንት ዓመታቸው እንደሚጀምሩና በማን ገንዘብ እንደሚቅሙ ቢጠይቅ ሽማግሌዎቹም ያግዙታል።

«ለጥናት ይረዳል»

እንቅልፍ ያባርራል፣ እውነት ነው። ከዚያ ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን መነቃቃት፣ ለመስበር ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣ መጠጥ) ይከተላል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ሌሊቱን ያነበበውን አይይዝም።

«ሥራ ቢያገኙ ይተዉት ነበር»

ሌሊት የሚነዳው ሾፌርና ጭነት የሚያወርደው ሰው የሚቅሙት ሥራ ስላላቸው ነው። ሥራ አጥነት ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አያመጣውም። ከዚህ ይልቅ የማይታሰበው ሰዓቱ ነው። በርጫ (ተሰብስቦ መቃም) የሚጀመረው ከምሳ በኋላ ነው፤ ክበቡ ኳስ ጨዋታውን ለ11 ሰዓት ከቀጠረ ተጫዋቾቹ መርቅነው ይጠብቁታል። 8 ሰዓት ላይ መሆን አለበት፤ በክረምት ደግሞ የጅማ ሰማይ ስለማይታመን ጣሪያ ያለው ቦታ ይፈለግለት።

«ቆራጥ ከሆነ በአንድ ቀን ያቆማል»

ይህኛው እምነት ሰው ይገድላል። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ ይቃዣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋውም። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊታየው፣ ሰውነቱ እየተንፈራገጠ ራሱን ሊስት ይችላል። ወጣቶች «ዘግተንበት እናስተወዋለን» እንዳይሉ፤ ሐኪም ጋር ይወሰድ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚፈልግ ቤተሰብም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሁለቱንም ማስኬድ ይችላል።

«ሺሻ ቤቱን ወጣቶቹ ራሳቸው ይዝጉት»

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከልክሏል፤ ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥም ደንግጓል። ማስፈጸሙ የተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። ዕቃ የሰበረ ወጣት ከጎረቤት ጋር ይካሰሳል፣ ደንበኛው ደግሞ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ክበቡ በትምህርት ቤት ዙሪያ ለልጆች የሚሸጡ ሱቆችን መዝግቦ ለቀበሌውና ለጤና ተቆጣጣሪዎች በደብዳቤ ያሳውቅ፣ መልስ እስኪያገኝም ይመላለስ። የተጠቃሚዎቹን ስም ግን አይጻፍ፤ ያ ወረቀት ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።